ኮፈኑ አበራ፣ ፓራውልቱ ተቃጠለ

ባለፈው ዓመት መኪናዬን ፖሊሽ ላስደርግ ሰፈራችን ወዳለ አንድ ላቫጆ ወሰድኳት። ጥቁር ናት። ጥቁር መኪና ያለው ሰው ያውቀዋል፤ ፀሐይ ሲያርፍባት የሸረሪት ድር የለበሰች ትመስላለች። ልጁ እጁ ጥሩ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ኮፈኑን መስታወት አደረገው። ከዚያ በዚያው ማሽን፣ በዚያው ፍጥነት ወደ ኋላው ፓራውልት ዞረ። ጥጉ ላይ አንዲት ጭረት እምቢ ስትለው ማሽኑን ትንሽ አቆየባት፤ አምስት ቢቆጠር ነው። ሲያነሳው ስሙኒ የምታህል ቦታ ተሸብሽባ፣ መሀሏ ላይ ግራጫ ፕላስቲክ ብቅ ብሏል።

«ጋሼ፣ ኮፈኑ ላይ እኮ ከዚህ በላይ ቆይቻለሁ፤ ምንም አልሆነም» አለኝ ደንግጦ። ልክ ነው፣ እኔም አይቻለሁ። ታዲያ ቀለሙም ማሽኑም ያው ሆኖ አንዱ ሲያበራ ሌላው ለምን ተቃጠለ?

መልሱ ወጥ ቤት አለ። አንድ የብረት፣ አንድ የፕላስቲክ ማንኪያ ትኩስ ሻይ ውስጥ ይክተቱና እጀታቸውን ይያዙ። ጥቂት ቆይቶ የብረቱ ይሞቃል፤ የፕላስቲኩ እንደነበረ ነው። የድስት ጆሮ በፕላስቲክ የሚሸፈነውም ለዚሁ ነው። ብረት የተቀበለውን ሙቀት ለጎረቤቱ ያቀብላል፤ ፕላስቲክ ግን ባለበት ያስቀረዋል። የመኪና ላሜራ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ፣ አብዛኛው ፓራውልት ከሚሠራበት ፖሊፕሮፒሊን ከሚባለው ፕላስቲክ ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል።

አሁን ወደ ማሽኑ እንመለስ። ብዙ ሰው ፖሊሽ ማለት ቅባት ቀብቶ ማውዛት ይመስለዋል። ያ ሰም ነው። ፖሊሽ መሞረድ ነው፤ በጣም ደቃቅ ሞረድ። የመኪና ቀለም ድርብርብ ነው፦ ከታች መነሻው፣ መሀል ላይ ቀለሙ፣ ከላይ ደግሞ ቀለም የሌለው፣ እንደ ብርጭቆ ብርሃን የሚያሳልፈው ክሊር። ከፋብሪካ ሲወጣ ሁሉም ተደምሮ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ብዙም አይበልጥም። ክሊሩ ብቻውን ከራስ ፀጉር ይቀጥናል። ጭረት ማለት እዚያ ክሊር ላይ የተቆፈረ ቦይ ነው፤ ብርሃን የቦዩ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ይበታተናል፣ ዓይናችንም ነጭ መስመር ያያል። የፖሊሹ ክሬም ውስጥ ያለው ደቃቅ ዱቄት፣ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ኦክሳይድ፣ በቦዩ ዙሪያ ያለውን ክሊር እየላገ ከቦዩ ወለል ጋር ያስተካክለዋል። ጭረቱ የሚጠፋው ተሞልቶ ሳይሆን ዙሪያው ዝቅ ብሎለት ነው። የሄደው ክሊር ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ አንዲት መኪና በዕድሜዋ የምትችለው ፖሊሽ የተቆጠረ ነው፤ በየበዓሉ የሚያስደርጉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ዝም ማለት ያቅተኛል።

መላግ ፍትጊያ ነው፣ ፍትጊያም ሙቀት ነው። ኮፈን ላይ ያ ሙቀት ወደ ላሜራው ይገባና ወደ ጎን ይበተናል፤ ላሜራው ቀጭን ቢሆንም ሰፊ ነው። ፓራውልት ላይ ግን ሙቀቱ መሄጃ የለውም። ከላይ ማሽኑ፣ ከታች ፕላስቲኩ ይዘውት እዚያው ክሊሩ ውስጥ ይጠራቀማል። ክሊሩ ይለሰልሳል፤ የለሰለሰውን ደግሞ የሚዞረው ስፖንጅ ይጎትተዋል። «ፕላስቲኩ ቀለጠ» ይባላል እንጂ ፖሊፕሮፒሊን የሚቀልጠው ወደ 160 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቀድሞ እጅ የሚሰጠው ቀለሙ ነው።

ቀለሙም ቢሆን ያው ቀለም አይደለም። የብረቱ አካል ፋብሪካ ውስጥ ተቀብቶ ወደ 140 ዲግሪ በሚጠጋ ምድጃ ይጋገራል። ፓራውልቱን እዚያ ቢከቱት ቅርጹን ያጣል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ለብቻው ይቀባና ወደ 80 ዲግሪ አካባቢ ይደርቃል። ሲገፉት አብሮ እንዲታጠፍ ማለስለሻም ይጨመርለታል። ከሥሩ ደግሞ የተለየ መያዣ ቀለም ያስፈልገዋል፤ የዘይት ጀሪካን ላይ ቀለም ቀብቶ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቅም፣ የጀሪካኑ ፕላስቲክ የዚሁ ዘመድ ነው። አዲስ መኪና ላይ እንኳ ፓራውልቱና ፓራፋንጎው አንዳንዴ ትንሽ የቀለም ልዩነት የሚያሳዩት አንዱ ምክንያት ይኸው ለየብቻ መቀባት ነው።

የቀለም ውፍረት የሚለካው የተለመደው መሣሪያም ፕላስቲክ ላይ አይሠራም። ከሥሩ ብረት ሲያገኝ ነው የሚናገረው፤ ፕላስቲክ ላይ ዝም ይላል። በድምፅ ሞገድ የሚለካ አለ፣ ግን ውድ ነው። እንግዲህ ሠራተኛው በጭፍን የሚሠራው ብዙ ጊዜ ተቧጥጦ፣ ስቱኮ ተለስኖ፣ እንደገና በተቀባው ክፍል ላይ ነው ማለት ነው። የአዲስ አበባን መንገድ ለሚያውቅ፣ ያልተነካ ፓራውልት ስንት አለ?

ፓራውልት ብቻ ሳይሆን የመኪናው ጎን በሙሉ ፕላስቲክ ቢሆንስ? ጄኔራል ሞተርስ ሳተርን የሚባል መኪና ነበረው፤ የመጀመሪያው በ1990 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቴነሲ ውስጥ ስፕሪንግ ሂል ከሚገኘው ፋብሪካ ወጣ። አጽሙ ብረት፣ በሮቹና ፓራፋንጎዎቹ ፕላስቲክ፣ ኮፈኑና ጣሪያው ደግሞ ብረት። ቀላል ግጭት ሲያገኘው ገባ ብሎ ተመልሶ ይወጣ ነበር፤ ባትላሜራ አያስፈልገውም። ፖሊሽ አድራጊው ግን አንዲት መኪና ላይ ሁለት እጅ ያስፈልገዋል፤ ላይ ላዩን ለብረት፣ ጎን ጎኑን ለፕላስቲክ። ፕላስቲክ ፀሐይ ሲመታው ከብረት በብዙ እጥፍ ስለሚለጠጥ፣ በበሩና በፓራፋንጎው መሀል ሰፊ ክፍተት ይተዉ ነበር። ሰዉ ይህን እንደ አሠራር ጉድለት አየው እንጂ ታስቦበት የተደረገ ነው። በዚያው አቆጣጠር ከ1953 ጀምሮ የተሠራው የኮርቬት መኪና ፋይበር ግላስና በጥጥ ውዳቂ የተጠናከረው የምሥራቅ ጀርመኑ መኪና የትራባንት ፕላስቲክ ደግሞ ሲሞቁ የማይቀልጡ ናቸው። ሙቀት አስቀርቶ ቀለሙን በማቃጠል ግን ከፓራውልቴ አይሻሉም።

የፖሊሽ ማሽን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በአንድ ዘንግ ላይ ብቻ ቀጥ ብሎ ይዞራል፤ ፈጣን ነው፣ ሙቀቱም ብዙ ነው። ሌላው እየዞረ ይወዛወዛል፤ ይዘገያል፣ ግን ሙቀቱን አንድ ቦታ አያከማችም። ለፕላስቲክ ሁለተኛውን ይምረጡ። ያለው የመጀመሪያው ብቻ ከሆነ ፍጥነቱ ይቀነስ፣ አይጫኑት፣ ስፖንጁም አንድ ቦታ ላይ አይቁም። በየመሀሉ የእጅን ጀርባ ማስነካት ጥሩ መለኪያ ነው፤ እጅ እዚያ ላይ መቆየት ካልቻለ ቀለሙም ተጨንቋል፣ ይቀዝቅዝ። ጠርዝና ጥግ ላይ ቀለሙ ይሳሳል፤ ፕላስተር ይለጠፍበትና መጨረሻ ላይ በጨርቅ፣ በእጅ ይታሽ። ያልተቀባውን ጥቁር ፕላስቲክም በፕላስተር መሸፈን ነው፤ ክሬሙ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ገብቶ ነጭ ሆኖ ከደረቀ በጥርስ ብሩሽ ሲፈገፍጉ ይውላሉ።

የትኛው ክፍል ፕላስቲክ እንደሆነ ካላወቁ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ያስጠጉ፤ ላሜራ ይስበዋል፣ ፕላስቲክ አይነካውም። አሉሚኒየምም አይስበውም፤ ስለዚህ በጣት ኳ ኳ ማድረግም ይጨምሩበት።

እኔ ፓራውልቱን አስቀባሁት፤ ከፖሊሹ ዋጋ በላይ ወጣበት። የእርስዎም ከዚህ በፊት ተቀብቶ የሚያውቅ ከሆነ፣ ልጁ ማሽኑን ከማንሳቱ በፊት ይንገሩት፤ እኔ ያልነገርኩት ይህንኑ ነው።