መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ወጪውን ስለ መቀነስ

በአሜሪካ አገር በቨርጂንያ የሚኖሩ ዕድሜአቸው ከ65 ያለፈ አንዲት አክስት አሉኝ። የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ስላለባቸው በየሁለት ሳምንቱ አዳሊሙማብ የሚባለውን መርፌ ይወጋሉ። በ2025 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በጥር ወር ወደ መድኃኒት ቤት ቢሄዱ 2,000 ዶላር ይክፈሉ ተባሉ። ተበድረው ከፈሉ። በየወሩ እንዲሁ የሚከፈል መስሏቸው ግን፥ የወሩን ሁለት መርፌ በወር አንድ እያደረጉ ያብቃቁት ጀመር። ጣቶቻቸው አብጠው የቡና ስኒ ማንሣት እስኪያቅታቸው ድረስ ነገሩን ለማንም አልተናገሩም።

ለመሆኑ መድኃኒቱ ስለምን ይህን ያህል ተወደደ? እንደ አስፕሪን በኬሚካል ቅመማ ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ ሕያዋን ሕዋሳት በታላቅ ጋን ውስጥ እየተመገቡ የሚያመነጩት ፕሮቲን ነው። ስለዚህም ባዮሎጂክ ይባላል። ከዚህም በላይ በአሜሪካ የፈጠራ መብቱ ተደራርቦ ሲጠበቅ ስለ ቆየ፥ በአውሮፓ በ2018 ለገበያ የቀረቡት ተወዳዳሪዎች አሜሪካ የገቡት በ2023 ነው።

እነዚህ ተወዳዳሪዎች ባዮሲሚላር ይባላሉ። መንግሥት የሚፈቅዳቸው በፍቱንነትም በደኅንነትም ከፊተኛው የሚያስቈጥር ልዩነት እንደሌላቸው ሲረጋገጥ ነው። የአንዳንዶቹ የተለጠፈ ዋጋ ከፊተኛው ከ80 በመቶ በላይ ያንሳል። ነገር ግን ርካሹ መድኃኒት በሽተኛውን የሚጠቅመው በኢንሹራንሱ ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ነውና፥ የመጀመሪያው ጥያቄ፥ «በዝርዝራችሁ የትኛው ባዮሲሚላር አለ? የእኔ ድርሻስ ስንት ነው?» የሚል ይሁን።

ሁለተኛው ነገር ሕጉን ማወቅ ነው። በ2022 በወጣው ሕግ መሠረት፥ ሜዲኬር በሚባለው ኢንሹራንስ የመድኃኒት ክፍል ውስጥ ያለ ሰው በዝርዝሩ ላሉት መድኃኒቶች በ2025 ከኪሱ የሚከፍለው ዓመቱን በሙሉ ከ2,000 ዶላር አይበልጥም፤ የ2026 ወሰን 2,100 ዶላር ነው። ለካስ አክስቴ በጥር የከፈሉት የዓመቱን ሁሉ ኖሯል! ይህንንም ያለ ወለድ በየወሩ ከፋፍሎ መክፈል ይቻላል፤ ሆኖም በሽተኛው ራሱ ለኢንሹራንሱ ካላመለከተ አይደረግለትም።

በመሥሪያ ቤቱ በኩል ኢንሹራንስ ያለው ወጣት መንገዱ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ፋብሪካው የበሽተኛውን ድርሻ የሚከፍልበት ካርድ ይሰጠዋል፤ ይህ ለሜዲኬር ክልክል ነው። ይሁን እንጂ በካርዱ የተከፈለውን ከበሽተኛው የዓመት ግዴታ የማይቀንሱ ኢንሹራንሶች አሉና አስቀድሞ ይጠይቅ፤ አለዚያ ካርዱ ሲያልቅ ዕዳው በዓመቱ መካከል ይመጣበታል።

ከሁሉ የሚከፋው መርፌውን ማቋረጥ ነው። አንዴ ሲወሰድ አንዴ ሲተው፥ ሰውነት መድኃኒቱን እንደ ጠላት ቈጥሮ የሚያመክነውን አንቲቦዲ ሊያበጅ ይችላል። ያን ጊዜ ገንዘቡ ቢገኝም መድኃኒቱ ላይሠራ ነው።

አክስቴ በመጋቢት ወደ መድኃኒት ቤቱ ሲመለሱ አንድ ሳንቲም እንኳ አልተጠየቁም። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል፤ ከእርሳቸው ግን ሊቀር የነበረው ጤና ነው። እንግዲህ በውጭ አገር ዘመድ ያለህ አንባቢ ሆይ፥ ስልክ ስትደውል «ደኅና ነኝ» በሚለው ቃል ብቻ አትርካ፤ መድኃኒቱ በቀኑ መወሰዱን ጠይቅ።