ከጃፓንኛ ወደ እንግሊዝኛ የገቡ ቃላት ምን ይነግሩናል?

የእንግሊዝኛ ንባብ ስናስተምር ከጃፓንኛ የተወረሱ ቃላት ይገጥሙናል። ብዙ ጊዜ የመዝገበ ቃላቱን አንድ መስመር ሰሌዳ ላይ ጽፈን እናልፋለን። ይሁን እንጂ ቃሉን በየክፍሉ ለይተን ብናሳይ ተማሪው ከትርጉሙ ሌላ ዕውቀት ያገኛል።

ለምሳሌ «ሱናሚ»ን እንመልከት። «ሱ» ወደብ፣ «ናሚ» ማዕበል ማለት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ቀድሞ «የባሕር ሙላት ማዕበል» ይሉት ነበር፤ ይህ ስም ግን ያሳስታል። የባሕር ሙላት የሚመጣው በጨረቃና በፀሐይ ስበት ነው፤ ሱናሚ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከባሕር በታች ከሚደርስ የመሬት መናወጥ ነው። በጥልቁ ባሕር ላይ ያለ መርከብ ላያውቀው ይችላል፤ ወደ ዳር ሲቃረብ ግን ከፍ ብሎ ይነሣል። ስለዚህ የጃፓንኛው ስም አደጋው የት እንደሚበረታ ይጠቁመናል። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. ከሱማትራ አጠገብ የተነሣው ሱናሚ ሕንድ ውቅያኖስን አቋርጦ በሶማሊያ የሐፉንን መንደር እንዳፈራረሰ ስናስታውስ፣ ቃሉ ለአካባቢያችንም ሩቅ እንዳልሆነ እንረዳለን።

ቃልን መተንተን ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ2004 ዓ.ም. በአገራችን ኢንስቲትዩት የተቋቋመለትን «ካይዘን» እንውሰድ። «ካይ» ለውጥ፣ «ዘን» መልካም ማለት ነው። ይህ «ዘን» «ዜን» ከተባለው የቡድሂዝም ሥርዓት ጋር በድምፅ ቢመሳሰልም በጃፓን ጽሕፈት ፊደሉ ሌላ ነው። በግዕዝ በ«ሠ» የተጻፈው «ሠረቀ» ወጣ ማለት ሲሆን፣ በ«ሰ» የተጻፈው «ሰረቀ» የሌብነት እንደሆነው ሁሉ ማለት ነው። እንዲሁም «ኢሞጂ» ከእንግሊዝኛው «ኢሞሽን» የመጣ ይመስላል፤ ነገር ግን «ኢ» ሥዕል፣ «ሞጂ» ፊደል ነው።

በጉዞ ላይ ትርጉሙ የተለወጠም አለ። «ታይኩን» በ19ኛው መቶ ዓመት የውጭ አገር ሰዎች የጃፓንን ሾጉን የሚጠሩበት «ታላቅ ጌታ» የሚል ማዕረግ ነበር፤ በዛሬው እንግሊዝኛ ግን ከበርቴ ነጋዴ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ጥንተ ቃሉን ብቻ የያዘ ተማሪ ይሳሳታል።

እንግዲህ ተማሪዎቻችን ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ፦ ክፍሎቹ ምን ማለት ናቸው? የሚመስለው ቃል በእርግጥ ዘመዱ ነው? በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ዛሬ ምን ይላል?

በመጨረሻም «ሴንሴይ»ን እናንሣ። በእንግሊዝኛ ይበልጡን የካራቴና የጁዶ አሠልጣኝ መጠሪያ ነው፤ በጃፓን ግን ማንኛውም የትምህርት ቤት መምህር በዚሁ ይጠራል። ፊደሎቹ «ቀድሞ የተወለደ» ይላሉ። ቀድመን የተወለድን እኛ መምህራን፣ ከተማሪዎቻችን ቀድመን መጠየቅም ይገባናል።