ታዳጊ አትሌትና ክርስቲያን አሠልጣኝ፦ ተረትና እውነታ

ከሩጫ በፊት ማማተብ፣ ካሸነፉ በኋላ ተንበርክኮ ማመስገን በአገራችን መም የተለመደ ነው። እምነት ታዳጊን በማሠልጠን ሥራ ውስጥ ያለው ቦታ ሲነሣ ግን በየሜዳው ከሚሰማው ውስጥ ብዙው ተረት ነው። የአሠልጣኝ እምነት በይበልጥ የሚታየው በአያያዙ ነው፤ ስለ ልጁ አካል፣ ኅሊናና ዕድገት በሚወስነው ውሳኔ።

ተረት፦ ስፖርት ልጅን ከመንፈሳዊ ሕይወት ያርቃል።

እውነታ፦ ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት የክርስትናን ሕይወት ያስረዳው በሯጭና በቡጢ ተጋጣሚ መስሎ ነው። ቆሮንቶሳውያን ነገሩን ለመረዳት አልተቸገሩም፤ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄደው የኢስትሚያ ውድድር ከከተማቸው አጠገብ ነበርና። ቅርጫት ኳስም ከክርስቲያን ማኅበር አዳራሽ የወጣ ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 መጨረሻ፣ ብርዱ ተማሪዎችን ቤት ውስጥ ባስቀረበት ወቅት፣ ሥነ መለኮት የተማሩት ጄምስ ናይስሚዝ በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ በወወክማ ማሠልጠኛ ሁለት የኮክ ቅርጫቶችን ከሰገነት ላይ ሰቅለው አስጀመሩት።

ተረት፦ ከልቡ ያመነና የጸለየ ያሸንፋል።

እውነታ፦ መሠረት ደፋር እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ በ5,000 ሜትር ወርቅ ስታጠልቅ፣ የእመቤታችንን ሥዕል ከመለያዋ ውስጥ አውጥታ ለዓለም አሳየች። ያ ምስጋና ነው። ነገሩ የሚበላሸው አሠልጣኝ ምስጋናውን ወደ ቀመር ሲለውጠውና የተሸነፈውን ልጅ «እምነትህ ጎድሎ ነው» ሲለው ነው። ናይስሚዝ ራሳቸው በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ሲመሩ 55 ጊዜ አሸንፈው 60 ጊዜ ተሸንፈዋል። ጨዋታውን የፈጠሩት እኚህ አማኝ በዩኒቨርሲቲው ታሪክ ሽንፈታቸው ከድላቸው የበለጠ ብቸኛው የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ናቸው።

ተረት፦ ስኮትላንዳዊው ኤሪክ ሊድል የሩጫው ቀን እሑድ መሆኑን የሰማው ወደ ፓሪስ ሲጓዝ ነው፤ ያለ ዝግጅት ርቀት ቀይሮም በተአምር አሸነፈ።

እውነታ፦ ይህን ያስፋፋው «ቻሪየትስ ኦፍ ፋየር» የተባለው የ1981 ፊልም ነው። ሊድል የ1924ቱን ኦሊምፒክ መርሐ ግብር ከወራት በፊት ያውቅ ነበር፤ በእምነቱ ምክንያት እሑድ ስለማይሮጥ 100 ሜትሩን ትቶ ለ400 ሜትር ተዘጋጀ፣ በ47.6 ሰከንድም ወርቁን ወሰደ። ኅሊናውን ጠበቀ፣ ልምምዱንም ሠራ።

ለአሠልጣኞች ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የኋለኛው ታሪኩ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓኖች ቻይና ውስጥ ዌይሺየን ካምፕ ካገቷቸው መካከል ሊድል ነበረበት፤ በዚያም ለታጋች ልጆች ጨዋታ ያዘጋጅ፣ የተሰበረውን የሆኪ ዱላ በጨርቅ ጠቅልሎ ይጠግን ነበር። እሑድ ግን አያጫውትም። አንድ እሑድ ልጆቹ ራሳቸው ሆኪ ገጠሙ፤ ዳኛ ስላልነበረ ጨዋታው በድብድብ አለቀ። በሚቀጥለው እሑድ ሊድል ፊሽካውን ይዞ ሜዳ ገባ። ለራሱ ክብር እሑድን ያልሮጠው ሰው ልጆች እንዳይጎዳዱ ሲል እሑድን ዳኘ። ካምፑ ነፃ ከመውጣቱ ከወራት በፊት፣ በየካቲት 1945 በአንጎል ዕጢ ሞተ።

ተረት፦ ልጅ ገና በ14 ዓመቱ ካላሸነፈ አለቀለት፤ ስለዚህ ቀድሞ ማስጨነቅ ይገባል።

እውነታ፦ አየርላንዳዊው መነኩሴ ብራዘር ኮልም ኦኮኔል እ.ኤ.አ. በ1976 ኬንያ ኢቴን ወደሚገኘው ቅዱስ ፓትሪክ ትምህርት ቤት የመጡት ጂኦግራፊ ሊያስተምሩ ነው። ስለ አትሌቲክስ ሥልጠና አልነበራቸውም፤ ልጆቹን እያዩና እያዳመጡ ተማሩ። ፒተር ሮኖ በ1988 ሴኡል በ1,500 ሜትር ወርቅ ያመጣው ከዚያ ትምህርት ቤት ወጥቶ ነው። ዴቪድ ሩዲሻ በ17 ዓመቱ፣ በ2006፣ የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ሲሆን ብራዘር ኮልም አልተጣደፉም፤ ለንደን ላይ 800 ሜትርን በ1፡40.91 ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

ተረት፦ ጾም የሚጾም ታዳጊ አትሌት የሚደርስበት ድካም ሁሉ በረከት ነው፤ የወር አበባ መቅረትም የጥሩ ልምምድ ምልክት ነው።

እውነታ፦ በማደግ ላይ ያለ አካል ለሩጫውም ለዕድገቱም ምግብ ይፈልጋል። ሲጎድልበት አጥንት ይሰነጠቃል፣ የወር አበባ ይቋረጣል፣ ፍጥነትም ይቀንሳል። ወራት የቆየ መቋረጥ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ጉዳይ ነው። ይህ ማለት ግን ልጅቷ ጾሟን ወይም ሩጫዋን ትተው ማለት አይደለም። ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ፕሮቲንና ብረት አላቸው፤ ሎሚ ወይም ቲማቲም ሲጨመር ብረቱ በደንብ ይዋሃዳል፣ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ግን ይቀንሰዋል። ቫይታሚን ቢ12 ከዕፅዋት ስለማይገኝ ሁልጊዜ የምትጾም ልጅ ደሟን መመርመር አለባት። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን ስታቃልል ኖራለች፤ ውሳኔው በወላጅ፣ በንስሐ አባትና በሐኪም ምክር ይሁን። የአሠልጣኙ ድርሻ ቀላል ነው፦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምስ የምትቆየዋን ልጅ ጠዋት በፍጥነት ልምምድ አለማድከም፣ ከባዱን ሥራ ከምግብ በኋላ ወዳለው ሰዓት ማዞር፣ ዛሬ ምን እንደበላችም መጠየቅ።