ነቀርሳ፣ ካንሰርና ቲቢ፤ ስለ ቃላቱ አጠቃቀም

በአማርኛ «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ለሁለት ልዩ ልዩ በሽታዎች መጠሪያ ሆኖ ያገለግላል። «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል በባክቴሪያ አማካይነት የሚተላለፈው ቲቢ ነው፤ «የጡት ነቀርሳ» ሲባል ግን ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፈው ካንሰር ነው። ብዙውን ጊዜ አብሮ የሚጠራው የአካል ክፍል ስም ትርጉሙን ስለሚለይ አንባቢ አይሳሳትም። ይህ መለያ የማያገለግልበትን አንድ ምሳሌ ከዚህ በታች እናቀርባለን።

ቢ.ሲ.ጂ. በአገራችን ሕፃናት ክንዳቸው ላይ የሚከተቡት የቲቢ መከላከያ ነው። ካልሜትና ጌራን የተባሉ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች የከብት ቲቢ ባክቴሪያን ለ13 ዓመታት ደጋግመው በማራባት አዳክመው አዘጋጁት፤ ለሰው መጀመሪያ የተሰጠውም እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ አልቫሮ ሞራሌስና ባልደረቦቹ ይኸው ክትባት ለሽንት ፊኛ ካንሰር ሕክምና እንደሚውል ገለጹ። ካንሰሩ ወደ ፊኛው ጡንቻ ያልዘለቀ እንደ ሆነ፣ ሕያው የሆነው ቢ.ሲ.ጂ. በቀጭን ቱቦ ወደ ፊኛ ይገባል፤ በመጀመሪያ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ6 ሳምንታት ይሰጣል። የሰውነትን የመከላከል ኃይል ቀስቅሶ በካንሰሩ ላይ ያዘምተዋል።

ከሕክምናው በኋላ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ሽንት ማቃጠልና መጠነኛ ትኩሳት የተለመደ ነው። አልፎ አልፎ ግን ባክቴሪያው ወደ ደም ይገባና በፕሮስቴት፣ በቆለጥ፣ በሳንባ፣ በጉበት ወይም በአከርካሪ አጥንት ይሰፍራል። ይህም ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ሊገለጥ ይችላል።

እንግዲህ ሕክምናውን በሩቅ ከተማ ጨርሶ ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳ ወይም ወደ እስቴ የተመለሰን ሰው እናስብ። ወገቡን አሞት፣ ትኩሳት ይዞት ወደ አካባቢው ጤና ጣቢያ ይሄዳል። በያዘው ወረቀት ላይ የተጻፈው «የፊኛ ነቀርሳ» ብቻ ነው። ካንሰር ነበረበት ማለት ነው ወይስ ቲቢ? ጥያቄው የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። ፒራዚናማይድ የተባለው የታወቀ የቲቢ መድኃኒት በቢ.ሲ.ጂ. ባክቴሪያ ላይ አይሠራምና፣ ምንጩን ያላወቀ ሐኪም የመድኃኒቱን ምርጫ ሊስት ይችላል።

ስለዚህ የሚከተለውን አጠቃቀም እንመርጣለን፦

1. በሕክምና ጽሑፍ «ካንሰር» እና «ቲቢ» ተለይተው ይጻፉ፤ «ነቀርሳ» ለብቻው አይቁም።

2. «የፊኛ ክትባት» አይባል፤ ክትባት አስቀድሞ መከላከልን ያመለክታል። «በፊኛ የሚሰጥ የቢ.ሲ.ጂ. ሕክምና» ይሻላል።

3. ጉዳቱ «የቢ.ሲ.ጂ. ባክቴሪያ በሰውነት መዛመት» ይባል። «ልክፍት» ማለት አይገባም፤ በሕዝቡ ዘንድ ቃሉ የክፉ መንፈስን ሥራ ያሳስባልና።

«ነቀርሳ» ከሕዝቡ አንደበት ይጥፋ አንልም። ነገር ግን የታመመ ሰው ይዞት በሚዞረው ወረቀት ላይ አንድ ስም አንድን በሽታ ብቻ ሊያመለክት ይገባል።