የአንድ ድምፅ ክብደት

በቅኔ ጉባኤ ውስጥ ድምፅ ሁሉ እኩል አይደለም። ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በደብረ ኤልያስ፣ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው በተማሩባት በዚያች የቅኔ አገር፣ ተማሪው ቀን ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከአጥር ጥግ ተቀምጦ ቅኔውን ሲቆጥር ይውልና ለአስነጋሪው ይነግራል። ቤቱ ከጎደለ ወይም ምሥጢሩ ካልገጠመ ይታረማል፤ ሲሠምርለት ደግሞ «ይበል!» ይባልለታል። ትናንት ጉባኤ ቃና የጀመሩ ሃምሳ ልጆች በአንድ አፍ «ይበል» ቢሉለት የመምህሩን አንዲት «ይበል» አያህልም። ይህን እንደ በደል የሚቆጥር ተማሪ የለም። የመምህሩ ድምፅ ክብደቱን ከየት እንዳገኘ ሁሉም ያውቃልና፤ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ የዘለቀ፣ በየአድባሩ በመንከራተት የተከማቸ እውቀት ነው።

ይኸው የድምፅ ክብደት ጉዳይ ዛሬ በኢንተርኔት ላይ በሒሳብ ቀመር ተጽፎ ይሠራል። በመጋቢት 2008 ዓ.ም. ኔድ ስኮትና ዳን ላሪመር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ስቲም የተባለ ብሎክቼይን አስጀመሩ፤ በላዩም ስቲሚት የሚባል የጽሑፍ መድረክ ተሠራ። ሰው ይጽፋል፣ አንባቢ ድምፅ ይሰጣል፣ ድምፁ ቶክን ወደሚባል ዲጂታል ገንዘብ (ክሪፕቶ) ተለውጦ ለጸሐፊው ይደርሳል። ከአራት ዓመት በኋላ ከዚያው ተገንጥሎ ሃይቭ ተፈጠረ። እነዚህን መድረኮች የሚቀላቀል ጀማሪ ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው አካውንቱን እንዴት እንደሚያሳድግ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስም «በየቀኑ ጻፍ» የሚል ነው። ይህ ምክር የተሳሳተ ይመስለኛል። የመድረኩን ቀመርና የሰውን ልብ ያጠኑ ምርምሮችን አስተያይቶ ላየ ሰው፣ አካውንት የሚያድገው ከጽሑፍ ብዛት ይልቅ ጸሐፊውን በስሙ በሚያውቁ ጥቂት አንባቢዎች ነው።

ቀመሩን ቀረብ ብለን እንመልከተው። ብሎክቼይን ማለት ገጹ ሁሉ ከቀደመው ገጽ ጋር በሒሳብ ማኅተም የተሳሰረ፣ ቅጂው በብዙ ኮምፒውተሮች የተቀመጠ የሒሳብ መዝገብ ነው። የዕቁብ ጸሐፊ አንዱን ገጽ ቀድዶ ሌላ ቢተካ፣ ቀጥለው የመጡት ገጾች ማኅተም ሁሉ ስለሚፋለስ ወዲያው ይታወቅበታል እንደማለት ነው። በስቲምና በሃይቭ በየ3 ሴኮንዱ አንድ አዲስ ገጽ ይዘጋል። ገጹን የሚዘጉት በተራ የሚሠሩ 21 ምስክሮች ናቸው፤ 20ዎቹ በድምፅ ብዛት የተመረጡ፣ አንዱ ደግሞ ከቀሩት መካከል እየተፈራረቀ የሚገባ። ጽሑፍ ከወጣ በኋላ ድምፅ የሚሰበሰበው ለ7 ቀን ሲሆን፣ በሃይቭ ከተገኘው ግማሹ ለጸሐፊው ግማሹ ድምፅ ለሰጡት ይከፈላል። የድምፁ ክብደት የሚለካው ደግሞ ድምፅ ሰጪው ቆልፎ ባስቀመጠው ቶክን መጠን ነው። የተቆለፈውን ለማውጣት በሃይቭ 13 ሳምንት ይፈጃል፤ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይለቀቃል። የንድፉ ሐሳብ፣ ንብረቱ ለወራት የታሰረበት ሰው መድረኩ ቢበላሽ አብሮ ስለሚጎዳ በጥንቃቄ ይፈርዳል የሚል ነበር።

ለጀማሪው ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ሌላ ቁጥር ነው። አንድ ሰው ሙሉ ድምፅ በሰጠ ቁጥር ከድምፅ ኃይሉ 2 በመቶ ይቀንሳል፤ የቀነሰው በቀን 20 በመቶ እየሆነ ይመለሳል። ስለዚህ ኃይሉን ሳያሟጥጥ በቀን ሊሰጥ የሚችለው ወደ 10 ሙሉ ድምፅ ብቻ ነው። እጅግ ባለጸጋ የሆነው አንባቢ እንኳ በሳምንት 70 ያህል «ይበል» ነው ያለው። በየቀኑ ሦስት ጽሑፍ የሚያወጣ ጀማሪ የሚሻማው ይህችን የተቆጠረች ድምፅ ነው፤ ሦስተኛው ጽሑፉ ከመጀመሪያው ጋር ይፎካከራል። በየቀኑ የመጻፍ ምክር የሚረሳው ይህን ነው።

በእነዚህ መድረኮች ከስም አጠገብ የሚታየውን የዝና ቁጥርም እንዲሁ በቅጡ ያልተረዳው ሰው ብዙ ነው። አዲስ አካውንት ከ25 ይነሣል። ቁጥሩ የሚሰላው በሎጋሪዝም ነው፤ 9 ነጥብ ለመጨመር እስከዚያ የተሰበሰበው የድምፅ ክብደት 10 እጥፍ መሆን አለበት። በ6 ወር 52 የደረሰ ሰው በዚያው ፍጥነት ቢቀጥል 61 ለመድረስ ሌላ 54 ወር ይጠብቀዋል፤ አራት ዓመት ተኩል ማለት ነው። በመጀመሪያው ሰሞን ቁጥሩ ሽቅብ ሲወጣ የተደሰተ ሰው፣ በኋላ የቆመ ሲመስለው ተስፋ ቆርጦ ይተዋል፤ ሥራው ግን እንደ ድሮው እየተከማቸ ነበር። የምንሰማው ድምፅና የምንለካው የመሬት መንቀጥቀጥም የሚቆጠሩት በዚህ ዓይነት መለኪያ ነው። የቅኔ ተማሪም ቢሆን በመጀመሪያው ዓመት የሚያሳየው እመርታ እንደ ኋለኛው አይደለም፤ ከሁለት ቤት ወደ ሦስት ቤት መሻገር አንድ ነገር ነው፣ መወድስን ሳይደናቀፉ መዝረፍ ሌላ።

የሰው ልብ ደግሞ ከቀመሩ ይብሳል። በ2005 ዓ.ም. መጨረሻ በሳይንስ መጽሔት የታተመ የሌቭ ሙችኒክ፣ የሲናን አራልና የሾን ቴይለር ጥናት፣ በአንድ የዜና ድረ ገጽ ላይ በ5 ወር ውስጥ የተጻፉ 101,281 አስተያየቶችን ተከታትሏል። ተመራማሪዎቹ በዕጣ ለተመረጡ አስተያየቶች ገና እንደወጡ አንዲት የድጋፍ ድምፅ ጨመሩላቸው። እነዚያ አስተያየቶች በመጨረሻ ያገኙት ውጤት ካልተነኩት በአማካይ በ25 በመቶ በለጠ። አስተያየቶቹ የተለዩት በዕጣ ስለሆነ ልዩነቱን በጥራት ማመካኘት አይቻልም፤ ያመጣችው መጀመሪያ የተጨመረችው አንዲት ድምፅ ናት። የሚገርመው፣ መጀመሪያ የተቃውሞ ድምፅ የተሰጣቸውን ሌሎች አንባቢዎች አርመው ወደ ቦታቸው መለሷቸው። ሰው ያለአግባብ የተነቀፈውን ያነሣል፤ ያለአግባብ የተመሰገነውን ግን አብሮ ያመሰግናል።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ1998 ዓ.ም. ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ዳንካን ዋትስ 14,341 ሰዎችን 48 የማይታወቁ ዘፈኖች አስደመጡ። አንዳንዶቹ አድማጮች ሌላው ምን እንደመረጠ ሳያዩ መረጡ፤ ሌሎቹ በ8 የተለያዩ ዓለማት ተከፍለው እያንዳንዱ የራሱን ዓለም ሰዎች ምርጫ እያየ መረጠ። በአንዱ ዓለም ቁንጮ የሆነ ዘፈን በሌላው ተራ ሆኖ ተገኘ። እጅግ ጥሩው ብዙም አልወደቀም፣ እጅግ መጥፎው ብዙም አልነሣም፤ የመካከለኞቹ ዕጣ ግን መጀመሪያ ማን እንዳደመጣቸው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። አብዛኞቻችን ደግሞ መካከለኞች ነን።

ሁለቱ ጥናቶች ከድምፁ ውስንነት ጋር ሲገጣጠሙ ለጀማሪው የሚሉት ግልጽ ነው። ጥራት የማይታለፍ ደፍ ነው፤ ከደፉ በኋላ የሚወስነው ጽሑፉ በወጣ በመጀመሪያው ቀን የሚያነቡት ጥቂት ሰዎች መኖራቸው ነው። ሃይቭ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ባደረገው ማሻሻያ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚሰጡ ድምፆች ለሰጪው እኩል ዋጋ እንዲያስገኙ ስላደረገ፣ አንባቢ ለመሽቀዳደም ብሎ ሳያነብ ድምፅ የሚሰጥበት ምክንያት ቀንሷል፤ ሰው ቀኑን ሙሉ አስቦ መፍረድ ይችላል። እነዚያ የመጀመሪያ ቀን አንባቢዎች የሚገኙት ደግሞ በራሳቸው ጽሑፍ ሥር ነው። የሌላውን ጽሑፍ ጠንቅቆ አንብቦ፣ ጸሐፊው ያላየውን አንድ ነጥብ የሚጨምር አስተያየት መጻፍ ከአሥር ተራ ጽሑፍ ይልቃል። አስተያየቱ ራሱ በመዝገቡ እንደ ጽሑፍ ድምፅ የሚቀበልና ዝና የሚያስቆጥር ሲሆን፣ ከሁሉ በላይ ግን ስምን በአንድ ሰው ልብ ያስቀምጣል። የቅኔ ተማሪ ከራሱ ቅኔ በፊት የሌላውን ሲሰማ የሚውለው ለምን እንደሆነ ለጎጃም ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

«ይህ ሁሉ የባለሀብት ጨዋታ ነው፤ ድምፅ በገንዘብ ከተመዘነ ድሀው ምን አገባው?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። በቁም ነገር መታየት ያለበት ተቃውሞ ነው፤ ከታሪኩም ማስረጃ አለው። በስቲም መጀመሪያ ዘመን ክፍያው በክብደቱ ካሬ ይሰላ ስለነበር፣ መቶ እጥፍ ቶክን ያለው ሰው ተጽዕኖው አሥር ሺህ እጥፍ ይሆን ነበር። በሰኔ 2009 ዓ.ም. ይህ ቀርቶ መቶ እጥፍ ያለው መቶ እጥፍ ብቻ እንዲመዝን ተደረገ። ወዲያው ሌላ ችግር ገነነ፤ ድምፃቸውን የሚያከራዩ ሮቦቶች፣ ማለትም በፕሮግራም የሚሠሩ አካውንቶች፣ ተስፋፉ። የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲዎቹ ቻኦ ሊና ባላጂ ፓላኒሳሚ በ2011 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ በስቲሚት ከተደረገው የቶክን ዝውውር ከ16 በመቶ በላይ የሚሆነው ሮቦት ናቸው ተብለው ወደሚጠረጠሩ ድምፅ ሰጪዎች የሄደ መሆኑን አመለከቱ። ከዚያም በየካቲት 2012 ዓ.ም. ነጋዴው ጀስቲን ሰን የስቲሚትን ኩባንያ ገዛ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ታላላቅ የክሪፕቶ መገበያያዎች ከእርሱ ጎን ቆመው ደንበኞቻቸው ያስቀመጡትን ቶክን ጭምር ተጠቅመው ምስክሮቹን በድምፅ ቀየሩ። ነባሩ ማኅበረሰብ በመጋቢት መዝገቡን ገልብጦ ሃይቭን መሠረተ። ንብረቱ የታሰረበት ሰው በጥንቃቄ ይፈርዳል የተባለው ሐሳብ፣ ድምፅ ሊከራይና በሰው ገንዘብም ሊሰጥ እንደሚችል አላሰበም ነበር።

እኔ ከዚህ የምረዳው የድምፅ እኩል አለመሆን በራሱ ነውር እንዳልሆነ ነው። ቅኔ ቤቱም እኩል አይደለም። ልዩነቱ ክብደቱ በተገኘበት መንገድ ላይ ነው፤ የመምህር «ይበል» አይሸጥም፣ አይከራይም፣ ለልጅም አይወረስም። ሃይቭ ሲገነጠል ደግሞ የታየ አንድ ነገር አለ። ኩባንያው፣ ስሙና ድረ ገጹ ለገዢው ቀሩ፤ ብዙ ጸሐፊዎችና አንባቢዎቻቸው ግን ተያይዘው ወጡ። ተሽጦ ሊሄድ ያልቻለው በመካከላቸው ያለው ትውውቅ ብቻ ነበር። ድሀው ጀማሪም ቢሆን ሊያከማቸው የሚችለው ሀብት እርሱ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማሳሰቢያ የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር መሆኑንና በክሪፕቶ መገበያየት ሕጋዊ እንዳልሆነ አስታውቋል። ስለዚህ እዚህ አገር ሆኖ መተዳደሪያ አገኛለሁ ብሎ የሚጀምር ሰው ከመነሻው ተሳስቷል። ለጽሑፍና ለስም ብሎ የሚጀምር ግን የሚያተርፈው አለ።

ብርቱው ተቃውሞ «አማርኛ አንባቢ በዚያ የት አለ?» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ጥቂት ነው። መድረኩም ለፊደላችን የሚያስከፍለው አለ፤ አዲስ አካውንት በቀን ሊጽፍ የሚችለው መጠን በባይት የሚለካ ሲሆን፣ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ይይዛል። «ደብረ ኤልያስ» በላቲን ሲጻፍ 11 ባይት፣ በእኛ ፊደል 22 ነው። ሦስት እጥፍ ሳይሆን ሁለት እጥፍ ብቻ የሆነው ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ላይ ስለሚይዝ ነው፤ የቀደሙት አባቶች ሳያስቡት ግማሹን ዕዳ ከፍለውልናል። ይሁንና የአንባቢው ማነስ ለጀማሪ ጉዳት ብቻ አይደለም። በእንግሊዝኛ ስለ ክሪፕቶ ዋጋ ከሚጽፉት እልፍ አእላፋት መካከል አንድ መሆን ከባድ ነው። ቅኔ እንዴት እንደሚቆጠር፣ አስነጋሪ ምን እንደሚያርም፣ ሰሙ ከወርቁ የት ላይ እንደሚለይ በአማርኛ ጽፎ ከሥሩ አጭር የእንግሊዝኛ ማብራሪያ የሚያክል ሰው ግን ተፎካካሪው ጥቂት ነው። ቀመሩ የሚፈልገው ሺህ መንገደኛ ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን የሚመጡ አሥር ሰዎችን ነው፤ አሥር ሰው ደግሞ ለዚህ ነገር ከሜልበርን እስከ ዋሽንግተን ሊገኝ ይችላል።

የቀረው የኢንተርኔት መስመሩ ነገር ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። የድምፅ ኃይል 100 በመቶ ሲደርስ ይቆማል እንጂ አይጠራቀምም፤ ለወራት ያልተጠቀመበት ሰው ሲመለስ የሚያገኘው በአምስት ቀን ሊሞላ የሚችለውን ያህል ብቻ ነው። ድንበር የለሽ የተባለው መድረክ ድንበር እንዳለው የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በአንጻሩ የዝና ቁጥሩ በመጥፋት አይቀንስም፤ የተጻፈውም ከመዝገቡ አይወጣም። ምስሎች ግን መዝገቡ ውስጥ አይገቡም፣ ሌላ ቦታ ተቀምጠው አድራሻቸው ብቻ ነው የሚጻፈው፤ ስለዚህ ቅኔውን በፎቶ ሳይሆን በፊደል ማስገባት ይሻላል። ከመስመሩ ሌላ መጠበቅ ያለበት ቁልፉ ነው፤ አንድ አካውንት እንደ ይለፍ ቃል የሚሠሩ ከአንድ በላይ ቁልፎች አሉት። ለመጻፍና ድምፅ ለመስጠት የሚያስፈልገው ታናሹ ቁልፍ ነው፤ በስልክ ላይ መቀመጥ ያለበትም እርሱ ብቻ ነው። ስልኩ ለጥገና ቢሰጥ ወይም ቢሰረቅ፣ ታናሹን በሌላ መለወጥ የሚቻለው ዋናው ቁልፍ በወረቀት ተጽፎ ከቤት ሰነድ ጋር ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ነው። ከስልኩ ጋር ያ ወረቀትም ከጠፋ ግን ማንም መሥሪያ ቤት አይተካውም፤ በዚያ ስም የተጻፈው ሁሉ እየተነበበ ይቀጥላል፣ ጸሐፊው ግን አንድ ቃል ሊጨምርበት አይችልም።