ያውቁ ኖሯል? ኦንላይን ሱቅ ትርፉ ከየት ይመጣል?

ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂ፣ ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ ያሉ የልብስና የጫማ ሱቆች ዕቃቸውን በቴሌግራምና በቲክቶክ ማሳየት ከጀመሩ ሰነበቱ። ገንዘቡን እዚህ ሥራ ላይ ሊያውል የሚያስብ ሰው ግን መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ብሩ የሚገኘው ከዕቃው ነው ወይስ ከማስታወቂያው ብሎ ነው።

ጥያቄው አዲስ አለመሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? አሜሪካዊው ባይ ዶት ኮም በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ዕቃ በመግዣ ዋጋው፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይሸጥ ነበር። የጎደለውን የሚሞላው በገጹ ላይ በሚወጣ ማስታወቂያ ነበር። ባለሀብቶች ለሁለት ተከፈሉ፤ ጎብኚ ከበዛ አስተዋዋቂ አይጠፋም ያሉ ነበሩ፣ ርካሽ ፈልጎ የመጣ ደንበኛ ሌላ ዘንድ ርካሽ ሲያገኝ ይሄዳል ያሉም ነበሩ። ኩባንያው በየካቲት 2000 (እ.ኤ.አ.) አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ፤ በዓመት ከመንፈቅ ገደማ ውስጥ ከአክሲዮን ገበያው ወጣ። ሁለተኞቹ ልክ ነበሩ ባይ ነኝ።

አማዞንስ? ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ ያወጣው ገንዘብ ምን ያህል ሽያጭ እንዳመጣ በሁለት ከተሞች ፈትሾ፣ ውጤቱ ወጪውን አልመልስ ሲለው ተወው። ገንዘቡን ነፃ ማድረሻ ላይ አዋለው። ደንበኛው ከተሰበሰበ በኋላ ግን ራሱ ማስታወቂያ ሻጭ ሆነ፤ በ2023 (እ.ኤ.አ.) ብቻ ከዚህ ወደ 47 ቢሊዮን ዶላር አስገብቷል። ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉ።

ወደ እኛ እንመለስ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመምጣቱ ብዙ ዓመታት በፊት፣ ውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን በድረ ገጽ በግ ገዝተው አዲስ አበባ ላለ ቤተሰባቸው ለበዓል ያስደርሱ ነበር። ክፍያው አስቀድሞ፣ በውጭ ምንዛሬ ነው። ለእናቱ በግ የሚልክን ልጅ ለማግባባት ብዙ ማስታወቂያ አያስፈልግም።

ሕጉም ዕቃ መሸጥንና ማስታወቂያን ለየብቻ ነው ያያቸው። የውጭ ባለሀብት በችርቻሮ ንግድ እንዲገባ በሰፊው የተፈቀደለት በ2016 ዓ.ም. መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? በ2012ቱ የኢንቨስትመንት ደንብ መሠረት በማስታወቂያ ሥራ የሚሰማራ የውጭ ሰው ከኢትዮጵያዊ ጋር መጣመር ነበረበት፤ ድርሻውም ከ49 በመቶ አይበልጥም ነበር። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 የወጣውም በዚያው በ2012 ዓ.ም. ነው።

የማድረሻ ወጪውን ደግሞ የአያትና የሰሚት ሞተረኞች ያውቁታል። የቤት ቁጥር የሚያደርስ አይደለም፤ ገዢው ስልክ እያነሳ በፋርማሲው፣ በኮንዶሚኒየሙ በር በኩል ይመራል። ስልኩን ካላነሳ ዕቃው ይመለሳል፣ ነዳጁ ግን አይመለስም። ማስታወቂያ ያመጣው ትዕዛዝ ሁሉ ገቢ ተብሎ ሲቆጠር የምቆጣው ለዚህ ነው። የሚቆጠረው ተረክቦ የከፈለው፣ በተለይም ዳግም ያዘዘው ነው።

በአገራችን በስልክ ከተካሄዱ ትልልቅ ሽያጮች አንዱ የአክሲዮን እንደነበርስ ያውቁ ኖሯል? ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱን በ300 ብር፣ በቴሌብር አቀረበ። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ወይም 9,900 ብር ነበር። በዚያ ሁሉ ማስታወቂያ፣ ጊዜውም እስከ የካቲት 7 ተራዝሞ፣ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። የገዙት ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች ናቸው።