ስለ እግረኛና ስለ ብስክሌት መንገድ

የአንድ ከተማ ሥልጣኔ ብዙ ጊዜ የሚገመተው በአውቶሞቢሉ ብዛትና በአደባባዩ ስፋት ነው። ነገር ግን አስተውሎ ለሚመለከት፥ ሰው ሁሉ አስቀድሞ እግረኛ ነው፤ ባለ አውቶሞቢሉም ከመኪናው በወረደ ጊዜ እግረኛ ይሆናል። ስለዚህ መንገድ ሲሠራ ከሁሉ በፊት ሊታሰብለት የሚገባው በእግሩ የሚሄደው ሰው ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ለዚህ ነገር የሆላንድ አገር ታሪክ መልካም ምሳሌ ይሆነናል። ዛሬ ያ አገር በብስክሌት የታወቀ ስለ ሆነ፥ ልማዱ ከጥንት ሳይቋረጥ የመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዳሩ ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውቶሞቢል እየበዛ ሲሄድ ብስክሌት ተንቆ፥ ጎዳናውም ለመኪና ተለቆ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. በመንገድ አደጋ 3,300 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚህም ውስጥ ከ400 የሚበልጡት ልጆች ነበሩ። ወላጆችም የልጆቻችን መገደል ይቁም ብለው በአደባባይ ጮኹ። በ1973 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ እጦት በመጣ ጊዜ መንግሥቱ በእሑድ ቀን መኪና እንዳይነዳ ከለከለ።

ከዚህ በኋላ በሄግና በቲልቡርግ ከተሞች የብስክሌት ጎዳና ለፈተና ተሠራ። ሊቃውንት ነገሩን በመረመሩት ጊዜ፥ ብቻውን የተሠራ አንድ ጎዳና የባለ ብስክሌቱን ቁጥር እምብዛም እንዳልጨመረ ተረዱ። በዴልፍት ከተማ ግን መንገዱ ከሰፈር ሰፈር እርስ በርሱ ተያይዞ በተዘረጋ ጊዜ በብስክሌት የሚሄደው ሕዝብ በዛ። በ2023 ዓ.ም. በዚያ አገር በመንገድ አደጋ የሞቱት ሰዎች ከ700 በታች ነበሩ፤ ለዚህም ከመንገዱ ጋራ የፍጥነት ወሰንና የመቀመጫ ቀበቶ ሕግ ረድተዋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በአዲስ አበባ ከሚደረገው ምልልስ ከእኩሌታው የሚበልጠው በእግር ነው። መንግሥትም ይህን ተመልክቶ በ2012 ዓ.ም. በትራንስፖርት ሚኒስቴር በኩል የእግረኛንና የብስክሌትን ጉዳይ የሚመራ የ10 ዓመት ዕቅድ አወጣ፤ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማትም በዋና ዋናዎቹ ጎዳናዎች ዳር ሰፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል። ሥራው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ከዴልፍት የተገኘውን ትምህርት መርሳት አይገባም፤ በአደባባዩ ዳር የሚያልቅ መንገድ፥ ሸክም ተሸክማ ወደ ገበያ ለምትወርደው እናት፥ ወደ ትምህርት ቤት ለሚሄደው ልጅ፥ ለኪዳን በሌሊት ለሚነሣው አረጋዊ አይደርስላቸውም። እንዲሁም ተሠርቶ ሳለ መኪና ሲቆምበትና ዕቃ ሲከመርበት ዝም ቢባል፥ እግረኛው ተመልሶ ወደ መኪናው መካከል ይገባል።

በመንገድ የወደቀውን አይቶ ማለፍ ምን ያህል ነቀፋ እንደ ሆነ ከወንጌል ምሳሌ የተማርን ነን። እንዳይወድቅ አስቀድሞ መንገዱን ማቅናት ግን ቁስሉን ከማሰር ይበልጣል። ስለዚህ ሹማምንት መንገዱ እስከ ሰፈሩ ደጃፍ እንዲያያዝና እንዲጠበቅ፥ ካህናትም ባለ መኪና ሁሉ ለእግረኛ ነፍስ እንዲራራ በማስተማር እንዲተጉ እናሳስባለን።